የኮምፒውተሩ ልብስ

ሩታ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኳን ስፒከር ላይ ባታደርገው ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ምን ታድርግ? አንድ እጇ ማውሱ ላይ ነው፤ በሌላው ካርቶን ይዛ ኮምፒውተሩን ታራግባለች። በስክሪኑ ጥግ ያለችው የሙቀት ቁጥር ዘጠና ሁለት ገብታለች።

«ጋለ ፍሬ፣ በጣም ጋለ» አለች።

«አይዞሽ፣ አትደንግጪ» አላት ፍሬዘር። «መጀመሪያ ልብሱን አውልቂ፣ የኔ ፍቅር። ቀስ ብለሽ። እኔ አለሁልሽ።»

የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። አባቷ አቶ ዳልጮ ቆመዋል። መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ያለ መነጽርም ደህና አድርጎ ይሠራል።

ሩታ ስልኩን ፍሬዘር ጆሮ ላይ ዘጋችው።

«ከማን ጋር ነው?» አሉ አባቷ፣ በአማርኛ።

እዚያ ቤት የሚወራው ወላይትኛ ነው። አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ አቶ ዳልጮ ልጃቸውን በአማርኛ ካናገሩ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሲቆጡ አይጮሁም፤ ቢጮሁ በስንት ጣዕሙ።

«ከማንም ጋር» አለች። ገና ሳትጨርሰው ቆጫት።

«ማንም ነው ልብስሽን አውልቂ የሚልሽ? ስልኩ አንቺን ያሳየዋል?»

ሩታ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ልብሴን አይደለም አባዬ። የኮምፒውተሩን ነው።»

«ኮምፒውተር ልብስ ይለብሳል?»

ይለብሳል እንጂ። በዚያ ቤት ያልለበሰ ዕቃ የለም። እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም በገዛ እጃቸው በሠሩት ዳንቴል አልብሰዋል። ሩታ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ኮምፒውተር ወደ ቤት ሲገባም የራሱ ልብስ ተሠራለት፤ ወፍራም ገበር ያለው፣ የአየር መውጫውን ሳይቀር የሚሸፍን። ሩታ ሥራ ስትጀምር ታወልቀዋለች፣ ስትነሳ እናቷ «አቧራ ይገባዋል» ብለው መልሰው ያለብሱታል። ዛሬ ደግሞ በጥድፊያ ረሳችው።

ይህን ልታስረዳ ወደ ስክሪኑ ስትዞር ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሙቀቱን አልችል ብሎ ራሱን ዘግቷል።

«አጠፋሽው?»

«ራሱ ነው የጠፋው።»

«እህ» አሉ አቶ ዳልጮ። ያቺ «እህ» ከዱላ ትብሳለች።

ሩታን ያስፈራት ቁጣው ብቻ አይደለም። ቅዳሜ የፍሬዘር ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ለአባቷ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። ፍሬዘር ከአዳማ ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የተገናኙት ከአረካ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ያንኑ ኮምፒውተር ከአጎቷ ተቀብላ ጭኗ ላይ እንዳቀፈችው፣ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት «ሕፃኑ አልከበደሽም?» አላት። ሳቀች። ሶዶ መናኸሪያ ሲወርዱ ሕፃኑን የተሸከመው እሱ ነበር።

አቶ ዳልጮ ደግሞ ታላቅ እህቷን ኢየሩሳሌምን ከሌላ አገር ለመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ድረው ነበር፤ ሰውየው ሲዛወር ይዟት ሄደ። ልጆቿ ወላይትኛ አይችሉም። «የልጅ ልጆቼ እንደ ቢሮ ሰው ነው የሚያናግሩኝ» ይላሉ ስልኩን ባስቀመጡ ቁጥር። ሁለተኛ ልጄን ለእንግዳ አልሰጥም ብለው የማሉትም በዚህ ነው። አሁን ያ እንግዳ ጭራሽ ልብስ አስወላቂ ሆኖ መጣባቸው። ይህን ካመኑ ሽማግሌዎቹ ከበር ይመለሳሉ።

«አብሪውና አሳዪኝ» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሩታ ኮምፒውተሩ እስኪበርድለት ጠብቃ ከፈተችው። ቁጥሯ አርባ ዘጠኝ አለች።

«ይሄ ነው የጋለው?»

«ሥራ ስለሌለበት ነው አባዬ። ትንሽ ቆይ።»

የተቆራረጠውን የሠርግ ቪዲዮ አንድ ላይ እንዲገጣጥም አዘዘችው። ኮምፒውተሩን የሚያደክመው ይሄ ነው። ዳንቴሉን ሆን ብላ አልነካችውም።

ስልሳ። ስልሳ አራት። ከዚያ ቁጥሯ ቀጥ አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ሩታ ተመስገን ባለች ነበር፤ ዛሬ ግን ጋል በቃ፣ ምን ነካህ እያለች በልቧ ትለምነዋለች። ስልኩ ጠራ። «ፍሬ» ይላል። አቶ ዳልጮ ስልኩን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ። ሁለቱም አላነሱትም፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

ሰባ ስምንት። ሰማንያ ስድስት። የውስጡ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። ዘጠና።

«አሁን አንተ አውልቀው» አለች ሩታ።

አቶ ዳልጮ ተነሱ። የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው፣ የሰው ገላ የሚገልጡ ይመስል ፊታቸውን ዞር አድርገው ሳቡት። የታፈነው ሙቀት ክንዳቸውን መታው። ሰማንያ ሰባት። ሰማንያ ሦስት። ሰባ ስምንት ላይ ሲረጋ ሩታ ትንፋሿን ለቀቀች። በልቧ ተረፍኩ አለች።

አባቷ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጣጠፉት።

«የልብሱስ ይሁን» አሉ። «የኔ ፍቅር ያለውስ ኮምፒውተሩን ነው?»

ሩታ አንገቷን ደፋች። አንድ ጊዜ ዋሽታቸዋለች፤ ሁለተኛ አቅም አጣች። ደግሞም ፍሬዘርን «ማንም» ማለቷ ውስጧን ሲያቃጥላት ነው የቆየው።

«አይደለም። እኔን ነው» አለች። «እኔም እወደዋለሁ አባዬ። ቅዳሜ ሽማግሌ ይልካል። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። አቶ ዳልጮ መነጽራቸውን አድርገው አነሱትና ስፒከሩን ነኩት።

«የኔ ፍቅር፣ ምነው ዘጋሽብኝ? ስንት ደረሰ?» አለ ፍሬዘር።

አቶ ዳልጮ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ሰባ ሰባት።»

«ማን... ማን ልበል?» አለ ፍሬዘር።

«ዳልጮ ነኝ፣ የሩታ አባት» አሉ፤ ቀጥለውም በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ሩታ ዓይኗን ጨፈነች። የጠየቁት፣ ልጆች ብትወልዱ እኔን በምን ቋንቋ ነው የሚያናግሩኝ ብለው ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አልገባኝም» አለ ፍሬዘር። «ሩታ ሰላምታ አስተምራኛለች። ከዚያ አላለፍኩም፤ ስንፍናው የእኔ ነው። የሚያስተምረኝ ካገኘሁ ግን እማራለሁ።»

ሩታ የአባቷን እጅ፣ ስልኩን፣ ደግሞ ፊታቸውን ታያለች። ከፊታቸው ግን ምንም አይነበብም።

«ሽማግሌዎችህ ቅዳሜ ይምጡ» አሉ አቶ ዳልጮ በመጨረሻ። «አንተ ግን ነገ ና። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ።»

«እሺ ጋሼ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ከሥራ እንደወጣህ። የሚያረፍድ ተማሪ አልወድም።»

ሩታ ሳቋን አፍና ልትይዘው ስትል እንባዋ ቀደማት።