ኬብሉ ጭኔ ላይ ነበር

ጎረቤቶቼ ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን ሲሉ «ድካም ነው፣ ተኙበት» እያልኩ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ስለ ዛር ስትተርክ እንኳ ሳቄ ይቀድመኝ ነበር፣ ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ከማንም በፊት የተጠራጠርኩት እኔው ነኝ። ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፤ ቅዳሜ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ።

በደርግ ጊዜ ከእንጦጦ ማርያም አለፍ ብላ ባለች አንዲት የአየር መለኪያ ጣቢያ ታይፒስት ነበርኩ፣ ከካራ ተነስቼ ሁለት አውቶብስ ለውጬ፣ የቀረውን ዳገት በእግሬ፣ እመኑኝ ወንበሬ ላይ ስደርስ ቀኑ ያለቀ ያህል ይሰማኝ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣልን የሚያውቁት ቴክኒሻኑ ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ፣ እኔ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ እሳቸውን እየነዘነዝኩ ለመድኩት። ደጅ ምሰሶ ላይ ያለው የነፋስ መለኪያ ነፋሱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ በኬብል ቁጥር ይልካል፣ ኬብሉ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሲሪያል ፖርት የሚሏት መሰኪያ ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩ «ጢጥ» እያለ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ይኸው ነው።

ነሐሴ ላይ ቁጥሩ ቀጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ካድሬያችን ጓድ መርዕድ «አሻጥር ነው» አለና ጋሽ ከድርን ቀበሌ አሳሰራቸው፣ በዚያ ዘመን ይቺ ቃል ሰው ትበላ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታቸውን እትዬ ዘምዘምን ቀበሌው በር ላይ ዝናብ ሲወርድባቸው አገኘኋቸው፣ ስንቁን አንቀበልም ብለው መልሰውባቸው የምሳ ዕቃውን እንደታቀፉ ነው።

«ስንዱ ልጄ፣ ያቺን ማሽን እሱ እንኳን ሊሰብራት ብርድ እንዳይመታት ጨርቅ ሲያለብሳት ነው የሚያመሸው» አሉኝ።

ጓድ መርዕድ ደግሞ ፍርዱን አስቀድሞ ጨርሷል። «እስከ አስር ሰዓት መርምሪ። ማሽኑ በራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ከድር ቤቱ ይገባል። ጤነኛ ከሆነ የሰው እጅ አለበት፣ ሰኞ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል።» ወደ በላይ ከተላለፈ ማን እንደተመለሰ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል።

እንግዲህ አስቡት፣ ማሽን ልፈውስ ተቀምጬ ሞቶ እንዲገኝ እጸልያለሁ። የመሰኪያውን ብሎኖች አጠበቅሁ፣ እሾሆቹን በአልኮል ጠረግሁ፣ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩ፣ አይጥ የቀመሰው የለም፣ መለኪያውና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበትን ፍጥነት አስተያየሁ፣ እኩል ነው። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በመጨረሻ ጋሽ ከድር ያሳዩኝን ሙከራ ያዝኩ፤ ኬብሉን ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከፀጉሬ ማስያዣ ሽቦ አወጣሁና የፖርቱን ሁለተኛና ሦስተኛ እሾህ አገናኘሁ፣ ፖርቱ ደህና ከሆነ የተጻፈው ፊደል ዞሮ ይመለሳል። ጻፍኩ፣ ምንም። ደገምኩ፣ ምንም። ሞቷል። ተመስገን ብዬ ሽቦዬን ፀጉሬ ላይ መልሼ ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ በድካም ዓይኔ ሊከደን ምንም አልቀረው።

ጢጥ።

ስክሪኑ ላይ ዜሮ አለ። ጢጥ፣ ሁለት። ጢጥ፣ አምስት። ኬብሉን አየሁት፣ ጭኔ ላይ ነው፣ ጫፉን ጨበጥኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። በመስኮት አየሁ፣ ጉሙ ባህር ዛፉ ላይ ተኝቷል፣ አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም፣ መለኪያውም አይዞርም። ቁጥሩ ግን ይወጣል፣ አስራ ስምንት፣ አርባ፣ ሰባ፣ የለመደ እጅ ነው መቼም፣ እኔም እርሳስ አንስቼ ካርቶን ቁራጭ ላይ እጽፋለሁ። መቶ ስልሳ ላይ ሲደርስ ከውጭ የጓድ መርዕድ ከስክስ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ሰማሁ።

ይህን ካየ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ጋሽ ከድር አለቀላቸው። ባጠፋው ከፍተሽ አሳዪኝ ማለቱ አይቀርም። ካርቶኑን ጡቴ ስር ወሽቄ አፌን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁና፣ እንደ ሰው፣ «በእመቤቴ፣ ዝም በል» አልኩት።

ዝም አለ። ስክሪኑም ቁጥሩን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ባዶ ሆነ። በሩ ተከፈተ።

«እህስ፣ ጓዲት ስንዱ?»

«ሞቷል።»

ራሱ ይሞክረው ብዬ ሽቦውን እንደገና አገናኝቼ አስጻፍኩት፣ ምንም አልተመለሰለትም። ፊቴን ብዙ አየና ለቀበሌው ወረቀት ጻፈ፣ ጋሽ ከድር በዚያው ምሽት ቤታቸው ገቡ።

ከወር በኋላ መለዋወጫ መጥቶ ጋሽ ከድር ማሽኑን ሲከፍቱት የፖርቱ ክፍል በመብረቅ ተቃጥሎ ጠቁሯል። «ይሄ ከተመታ ወዲህ አንድ ፊደል አላሳለፈም» አሉኝ። ያኔ የሆነውን ነግሬ ካርቶኑን ሰጠኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ቆዩ።

«ስንዱ፣ እኔ እዚህ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይሄን የሚያህል ነፋስ በዚህ ተራራ ላይ ነፍሶ አያውቅም።»

ታዲያ የምን ነፋስ ነው ብላቸው ካርቶኑን አጥፈው መዳፌ ላይ መለሱልኝ።

ጋሽ ከድር አርፈዋል፣ ጣቢያዋም ተዘግታለች፣ ካርቶኑ ግን ሳጥኔ ውስጥ አለ። እዚህ ካራ ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ሁሉ ቀጥ ሲል ልጆቼ እፎይ ብለው ደጅ ይወጣሉ፣ እኔ ደክሞኝም ቢሆን ያን ነፋስ እየጠበቅሁ ጆሮዬን አቁሜ እቀመጣለሁ፤ ዝም በል አልኩት እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገርኩትም።