በእኔ ልክ የተቆፈረው ጉድጓድ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ካላመናችሁ አልቀየማችሁም። ሰው ለማሳመን የሚበቃ ጉልበት የለኝም... እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ አርባ ቀን ሊሞላ ነው።

ዕለቱ የግንቦት ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል። አዎ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ሸዋሮቢትን የሚያውቅ ሰው ቀትራችንን ያውቀዋል። ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከወንዙ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ለምን ቤቴ እንዳልሆንኩ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

ስሜ ሳልህ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ በአጥር የተከበበ የቪላ መንደር አለ። መሃሉ የጎልፍ ሜዳ ነው። ድሮ ማሽላ ይዘራበት ነበር፤ አሁን ሳር ብቻ። ቪላዎቹ ተሠርተው አልቀዋል፣ ባለቤቶቹ ግን አልገቡም። ሜዳው ላይ እስካሁን አንድም ሰው ተጫውቶ አያውቅም።

የእኔ ሥራ ውሃ ነው። ሌሊት ሳሩን አጠጣለሁ፣ ቀን ቱቦ እጠግናለሁ። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን። ባለቤቴ አሲያ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምንኖርባት፣ ሜዳው ዳር ያለችው ክፍል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ናት። ሥራውን ብተው ቤቱም አብሮ ይሄዳል።

«እስክወልድ ብቻ ቻለው» ትለኛለች አሲያ። «ከዚያ አሊዩ አምባ እናቴ ጋ እንገባለን። እንደ ልብህ ትተኛለህ።»

የምመኘው ይህንኑ ነበር። ከሚስቴ ጎን ጋደም ብዬ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ መተኛት።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። አለቃችን ናትናኤል ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

«ባንዲራ የተከልኩበት ቦታ ላይ ዛሬ ጉድጓድ ቆፍሩልኝ» አለና ዘጋው።

መልእክቱን ለጋሼ ወልደማርያም አደረስኩ። እዚሁ ቀወት ወረዳ ገበሬ የነበሩ፣ አሁን ከእኛ ጋር ሳር የሚያጭዱ ሽማግሌ ናቸው። በሰፈራቸው እድር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ጉድጓድ ይቆፈር ተብሏል።»

ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

«ማን ሞተ?»

«እኔ እንጃ። ቆፍሩ ነው ያለኝ።»

«እግዜር ያጥናቸው... በማን ልክ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለታችንም ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አይተን አናውቅም። እሳቸው የሚያውቁት ጉድጓድ አንድ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቱቦ ስጎትት አድሬ፣ ለማሰብም አቅም አልነበረኝም።

«በእኔ ልክ ይቆፍሩት» አልኳቸው እየቀለድኩ። «እኔስ ከሞተ ሰው በምን እሻላለሁ?»

ሳሩ ላይ ተዘረርኩላቸው።

«ኧረ እንዲህ አይባልም!» አሉኝ። ግን የታዘዙትን የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ሸምበቆ ቆርጠው መጡና ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለኩኝ... እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ተቆፍሮ አልቋል። ጥልቅ ነው። ጠርዙም በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

ናትናኤል በማግስቱ መጥቶ ሲያየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ጉድጓድ ማለት እኮ ኩባያ የምታህል ናት! ኳሷ የምትገባባት!»

ፎቶ አነሳውና «ድፈኑት» ብሎን ሄደ።

ጋሼ ወልደማርያም አካፋውን አላነሱም።

«የተለካ ጉድጓድ ባዶውን አይደፈንም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ባንተ ስም አንድ ድንጋይ እናስተኛበት። ከወንዙ፣ ከበድ ያለ። ዛሬውኑ።»

ወንዙን አሰብኩት። ዳገቱን። ፀሐዩን።

«ነገ» አልኳቸው።

ደፈንነው። ሳሩንም መልሰን አለበስነው። ድንጋዩን ግን በነጋታውም አላመጣሁም፣ ከዚያ በኋላም አላመጣሁም።

በሳምንቱ ቦታው ሰመጥ አለ። አፈር ጨመርኩበት። በማግስቱ በቀትር... እንደገና ሰመጠ።

ዝም ብሎ አይደለም የሰመጠው። ጭንቅላት በሚያርፍበት ጠበብ፣ ትከሻ በሚያርፍበት ሰፋ ብሎ ነው።

ሌሊት ሜዳውን ሁሉ አጠጣለሁ። እዚያች ቦታ ስደርስ ሳሩ ደረቅ ነው። እጄን አሳረፍኩበት... ይሞቃል። ሰው አሁን እንደተነሳበት ፍራሽ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ አሲያ ደስ ብሏት ጠበቀችኝ።

«ዛሬስ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድርገህ ተኛህ።»

«የት?»

«ባንዲራዋ ጋ ነዋ! በመስኮት አየሁህ። ልቀሰቅስህ አሳዘንከኝ።»

ያን ቀን ከፓምፕ ቤቱ ንቅንቅ አላልኩም ነበር።

አልነገርኳትም። ነፍሰ ጡር ሴት ማስደንገጥ ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ጠፋ። እጋደማለሁ... ዓይኔ አይከደንም። ድካሙ ግን እዚያው አለ፣ በየቀኑ ይጨምራል።

ሌላም ነገር መጣ። ሁለት ዓመት የሚያውቀኝ የበሩ ዘበኛ፣ ኢብሮ፣ ጠዋት ከከተማ ስመለስ አስቆመኝ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መታወቂያዬን አይቶ ነው ያስገባኝ።

ያኔ ፈራሁ። መጀመሪያ ባነሳሁላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ለጋሼ ወልደማርያም ሁሉንም ነገርኳቸው። ያንን ሸምበቆ ከመሣሪያ ቤቱ ጥግ አወጡ። አልጣሉትም ነበር። አስቁመው ለኩኝ።

ሸምበቆው ከአናቴ በላይ ሁለት ጣት ተረፈ።

«እየወሰደህ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ድንጋዩን ዛሬ አምጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ቅዳሜ ሥራቸው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ወገባቸውም ድንጋይ አያነሳም። ደጋግመው እያማተቡ ወደ ሰፈራቸው ሄዱ። እኔ የእጅ ጋሪ ገፍቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ከባድ ድንጋይ መረጥኩ። ጋሪው ላይ ላወጣው ስታገል ስልኬ ጠራ።

አሲያ ናት። እያንሾካሾከች ነው።

«ሳልህ... ምሳህን ይዤልህ መጥቼ ነበር...»

«የት ነሽ?»

«ባንዲራዋ ጋ። ተኝተህ ደረስኩ። ስልኩ ይቀስቅሰው ብዬ ብደውል...»

ድምጿ ይበልጥ ዝቅ አለ።

«ሳልህ፣ ተኝተህ እንዴት ታወራኛለህ?»

«አሲያ ስሚኝ! እኔ ወንዝ ነው ያለሁት! ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ከዚያ ተነሺ!»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ። የእሷ አይደለም። ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ ነው።

ከዚያ የእሷ ድምፅ መጣ። ለእኔ ግን አልነበረም።

«እሺ... እሺ፣ ተኛ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ድንጋዩን ጥዬ ሮጥኩ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ላይ ኢብሮ «አቁም! ማነህ አንተ?» እያለ ሸሚዜን ያዘኝ። ቀድጄው አለፍኩ።

አሲያ ባንዲራዋ አጠገብ ሳሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ፀሐይ እንዳይነካው ብላ ትልቁን ሻርፗን የሰመጠው ቦታ ላይ አልብሳዋለች።

ሻርፑ ከፍ ይላል...

ዝቅ ይላል...

ነፋስ አልነበረም።

«አሲያ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። መንገድ ላይ ያገኘችውን የማታውቀውን ሰው ነው የምታየው።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«በአላህ ቀስ በል፣ ወንድሜ...» አለችኝ። «ባለቤቴ ነው። ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ... ገና አሁን መተኛቱ ነው።»