ለአንድ ሰው፣ ለአራት ቀን

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይመጣ ነበር። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ አቅም ያለው የግቢውን ጉድጓድ ወደ ታች ያስቆፍራል። ሁለት ሽማግሌዎች ወረፋ ላይ እንዳሉ ሞቱ።

መጋቢት ላይ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጠፋች።

ለፖሊስ ያመለከተው ባሏ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል።

«አልባኒያ ለሽርሽር ሄዳ ቀረች» አለ። «አራት ቀን ብላኝ ነበር። ይኸው አሥራ ሁለት ቀኗ።»

ሻንጣዋ የለም። ፓስፖርቷም የለም።

መርማሪው ቤቱን ዞሮ አየ። የስፌት መኪናዋ ላይ ግማሹ የተሰፋ እጅጌ መርፌው እንደተሰካበት ቀርቷል። እጅጌውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ይህችው ሴት የተሰበረ ክንዷን በሻርፕ አንጠልጥላ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ነበር። እናቷ አብረዋት ነበሩ። «ባሌ ነው የሰበረኝ» አለችው። መዝገቡን እንኳ አልከፈተም። «የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ሂጂና ታረቁ» ብሎ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን በሆነ ቁጥር ያ ክንድ ይመጣበታል። ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ሰፈሩ ከአንድ የጉዞ ወኪል ጋር ኮብልላለች ይላል። መርማሪው ወኪሉን ቢሮው ድረስ ሄዶ ያዘው።

«በየጊዜው ትደውልልህ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ! ጆሮዬ እስኪግል።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ብርድ። በመጋቢት ተራራው ላይ በረዶ አለ ወይ ትለኛለች። ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ባህሩን ነው። እሷ ባህሩን በነፃ ብሰጣት አትወስድም! ቱሪስት የማይደርስበት መንደር፣ የድንጋይ ቤት፣ ለአንድ ሰው አንድ አልጋ። አራት ቀን ማንም ሳይጠራኝ ልቀመጥ አለች።»

«ተሳፈረች?»

«አልመጣችም። ሐሳቧን የቀየረች መስሎኝ ተውኩት።»

መርማሪው ከዚያ ለበረዶው ጫማ አሰናድታ እንደሆነ ለማጣራት የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ። ወፍራሙ ጫማዋ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ለበረዶ እንዲሆን ሶሉን አስቀይራ፣ «ልሄድ ስል እወስደዋለሁ» ብላ ነበር። አልወሰደችውም።

ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ተመለሰ። ጠራራ ፀሐይ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ሰማ። ገፍቶ ገባ። መኪናው ላይ ማንም የለም። ባልየው ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፏል።

«አንተም ሰማኸው?» አለ ባልየው፣ ከንፈሩ ደርቆ።

መርማሪው መርፌውን ነካው፤ እጅጌው ላይ እንደተሰካ ነው።

«ሻንጣዋን ማን አሰናዳው?»

«ራሷ ናታ።»

«ምን ምን ያዘች?»

«ስስ ቀሚስ፣ ባርኔጣ፣ ነጠላ ጫማ። ባህር አይደል የምትሄደው?»

መርማሪው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የሱፍ ካፖርቷ ተሰቅሏል።

«በረዶ ላይ ነበር የምትሄደው። ሁለት ዓመት እዚሁ ቤት በስልክ ስታወራ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሃትም?»

መርማሪው በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ። ከአጥሩ ሥር፣ የውኃ ጉድጓዱ በነበረበት፣ አዲስ አፈር ተደልድሏል።

«አገር ሁሉ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ አንተ ያንተን ለምን ደፈንከው?»

ፊውዝ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የጉዞ ወረቀቷን አየሁት» አለ። «ለአንድ ሰው ይላል። ጥላኝ የምትሄድ መሰለኝ። የት ልትሄጂ ነው ስላት፣ የትም፣ ዝም ልል ነው አለችኝ። አንገቷን ያዝኩ። ከዚያ ዝም አለች። አሁን ነው ዝም ያላለችው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆፍረው አወጧት። ሻንጣው ከላይዋ ነበር።

በማግስቱ እናቷ ጣቢያ መጡ። መርማሪው ወንበር ሳበላቸው።

«አገኘኋት፣ እናቴ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ዘግይተህ» አሉት።

መርማሪው መሳቢያውን ከፈተ። ንጹሕ ወረቀት አወጣ። ያኔ የመጣችበትን ቀን ጻፈ። ከሳሿን ጻፈ፤ ተከሳሹን ጻፈ፤ የተሰበረውን ቀኝ ክንድ ጻፈ። ከግርጌው «አቤቱታዋን ሰምቶ ሳይመዘግብ የመለሳት» ብሎ የራሱን ስም አኖረና ፈረመ። ለጡረታው ሦስት ወር ቀርቶታል።

«ይህ አንተን አያስከስስህም?» አሉ እናት።

«ያስከስሰኛል።»

ወረቀቱን ለአቃቤ ሕግ ከሚሄደው ፋይል ፊት አደረገው።

«አንብብልኝ» አሉ።

ብድግ አለ። ከእሷ ስም ጀምሮ እስከ እሱ ስም ድረስ፣ ቆሞ አነበበላቸው።