አርባ ቀን ያልሞላው ቅስት

ከጧት ኪዳን የሚመለሱ ሰዎች መጀመሪያ የእንጨት ሲጥታ ሰሙ። ቀጥሎ ምድር ውስጥ የሚንከባለል የመሰለ ጉርምርምታ ተከተለ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ከአንበሳሜ መንገድ በታች ያለው፣ አገሬው የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚለው፣ በእድሳት ላይ የነበረው የድንጋይ ድልድይ ቅስቱ ተንዷል። ከድንጋዩ ሥር የሽማግሌው ግንበኛ የአያ ይሻው እግሮች ይታያሉ።

በማግስቱ ፖሊስ «ሽማግሌውን ገድለሃል» ብሎ ትእዛዝን ያዘ። ትእዛዝ የይሻው ደቀ መዝሙር፣ የልጃቸው የዓይናለም እጮኛ ነው። ቅስቱን የደገፉት እንጨቶች ሽብልቅ ተመትቶ ወልቋል፤ አጠገቡ የተገኘው መዶሻ የእሱ ነው። ሰበብም አልጠፋም፤ ሽማግሌው «ቅስቱ ሳይጠነክር ሰርግ የለም» እያሉ ቀኑን ሦስት ጊዜ አስተላልፈውባቸዋል። ደብረ ታቦር ለምትገኘው ለኢንስፔክተር መሠረት የደወለችው ዓይናለም ራሷ ናት፦ «እውነቱን ያውጡልኝ፤ ነገ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሊያቀርቡት ነው።»

መሠረት ሰው ከማነጋገሯ በፊት ፍርስራሹ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ኖራው ላይ ጥፍሯን ስትሰድ እንደ አይብ ገባላት።

ሠራተኞቹ ብዙ ነገሯት። የጥንቱ ኖራ በእንቁላል ተለውሷል ሲባል ይሻው «ያን ሁሉ ዶሮ ማን ቀለበው?» እያሉ ይስቁ ነበር። «ኖራ እንደ ወንድ ልጅ ነው፤ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳ» ይሉም ነበር። ቅስቱ የተናደው በተገነባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ሽማግሌው እንዳይደርቅበት ጧት ጧት ከሥሩ ገብተው ውሃ ያርከፈክፉበታል። ሽብልቁን ሰው እንዳይነካው ደግሞ፣ ውሃ ያልነካው የኖራ ዱቄት የሞላባቸውን ከረጢቶች ደርድረውበት ነበር።

ዓይናለም አባቷ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብተው በዋዜማው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መመለሳቸውን፣ እግራቸውን አጥባ ማብላቷን ነገረቻት። መሐንዲሱ አለሙ ግን ስለ አደጋው ብዙም አላወራም፤ በስልኩ የአንዲት ጥንታዊ የፖርቱጋል ከተማ ፎቶ አሳያት፤ በጠባብ መንገድ ላይ የተደራረቡ የድንጋይ ቅስቶች። ከዚያች ከተማ እንግዶች በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣሉ። ስልኩን የያዘው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ ከኪሱ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ድልድዩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ትእዛዝም በካቴና መጣ።

«ትእዛዝ፣ የኖራ ዱቄት እጅህ ላይ ቢቦንብህ ምን ታደርጋለህ?»

«በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ቅባት እቀባለሁ።»

«ብትታጠበውስ?»

«ምን አብጄ? እጄ ላይ ይፈላል እኮ።»

መሠረት ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ሽብልቁን ያወለቀው ሰው መጀመሪያ ከረጢቶቹን ማንሳት ነበረበት። ሁለቱ ተቀደዋል፤ ነጭ ኮቴው ቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እጁን ሊታጠብ። ስለዚህ ግንበኛ አይደለም። ሃያ ሦስት ቀን ለሲሚንቶ እንደሚበቃ ያውቃል፤ ኖራን አያውቅም። ኢንጂነር፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

እጁ እስከ አንጓው ተልጧል።

አለሙ አልካደም። እንግዶቹ በእንጨት የተደገፈ ድልድይ እንዳያዩ ብሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽብልቁን እዚያው ባገኘው መዶሻ እንዳወለቀ፣ ቅስቱ ቀጥ ብሎ ሲቆምለት ደስ ብሎት እንደሄደ፣ ትእዛዝ ሲታሰርም ፈርቶ ዝም እንዳለ ተናገረ።

«ከሥሩ ሰው ይገባል ብዬ አላሰብኩም። አያ ይሻው እስከ እሑድ ወንዛዬ ናቸው ተባልኩ።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ላስፈቅዳቸው ስልካቸው ላይ ደውዬ።»

መሠረት ማስታወሻዋን ገለጠች። «በዋዜማው ዘጠኝ ሰዓት ቤት ገቡ» ይላል።

«ስልካቸውን ማን አነሳው?»

አለሙ ቀና ብሎ ዓይናለምን አያት። ሁሉም አዩዋት።

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ትእዛዝ አንጓውን እያሻሸ ተጠጋት። «ዓይኔ፣ ምን አልሽው? ለሰርጋችን ብለሽ ነው?»

ዓይናለም ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሳች። ነጠላዋን ሰበሰበች፣ በመሃላቸው አልፋ ሽቅቡን ወጣች። ፖሊሱ ሊከተላት ሲል መሠረት እጅጌውን ያዝ አደረገችው። ልጅቷ የቤታቸው መታጠፊያ ጋ ደረሰች፤ አልታጠፈችም፤ በመኪናው መንገድ ቀጥ ብላ ሄደች።