የሄዱት ሰዎች ድንጋይ

ጋኔን አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ከት ብዬ የምስቅ ነበርኩ፣ ጎረቤት «ጓዳችን ውስጥ የሚንኳኳ ነገር አለ» ሲለኝ «ድመት ግዙ» ብዬ የማልፍ፣ ጠንቋይ ቤት የሚመላለሱትን አክስቴን እንኳ ፊት ለፊት የተጣላሁ ሰው ነኝ። ይህንን የማወራህ ወድጄ አይደለም፣ ብቻዬን ተሸክሜው ስለከበደኝ ነው፣ ብትፈልግ ሳቅብኝ፣ ግን ጨርሰህ ስማኝ።

ሰቆጣ ውስጥ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ዝናሽ ከተጋባን ብዙም አልቆየንም፣ የእሷ ፓስፖርት ግን ከሰርጋችን ፎቶ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ደላላው አረብ አገር ሊልካት ቀን ቆርጧል። እሷን ለማስቀረት የነበረኝ ተስፋ ድንጋይ ነበር፣ አዎ፣ ድንጋይ! አጌት ይሉታል፣ እኛ ባልጩት ብለን በእግራችን የምንገፋው፣ ሲሰበር ውስጡ ነጭና ቡናማ መስመር ያለው። ላሊበላ ለቱሪስት ሐብል የሚሸጡ ነጋዴዎች «አንተ አለስልሰህ አምጣ እንጂ እንገዛልሃለን» ብለውኛል። ዝናሽም «ማሽኑን ግዛና ሥራው እንደሚያኖረን አሳየኝ፣ ያኔ እቀራለሁ፣ በምኞት ግን አልቀርም ሞላዬ» አለችኝ። ምን ልበላት፣ እውነቷን ነው፣ ምኞት አይበላም።

ማሽኖቹ ጋሽ ሰኢድ ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ጋሽ ሰኢድ ከገበያው በላይ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፣ ከጅቡቲ በኩል ከመጣ ዕቃ መሃል ሁለት ያገለገሉ የድንጋይ ማለስለሻዎች አግኝተዋል። አንደኛው ተኝቶ የሚሽከረከር በርሜል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ድንጋዩን ሁሉ ከወር በላይ አሽከርክሮ እንደ ሽንብራ ያድቦለቡለዋል። ሁለተኛው ስፕሪንግ ላይ የተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ አይዞርም፣ ይነዝራል፣ ድንጋዮቹ ከውሃና ከሻካራ ዱቄት ጋር እየተፋተጉ በቀናት ውስጥ ይለሰልሳሉ፣ ቅርጻቸውም እንዳለ ይቀራል። ደላላው ወር አይጠብቅልኝም፣ ስለዚህ ልቤ ወደ ነዛሪው አደላ።

«በወሬ አይመረጥም፣ ድንጋይህን አምጣና ሁለቱንም ሞክራቸው» አሉኝ ጋሽ ሰኢድ።

ድንጋዩን ያመጣሁት ከየት መሰለህ? ከዝናሽ መንደር በላይ፣ ሰቆጣ ለመጨረሻ ጊዜ ከምትታይበት የተራራ ማለፊያ ላይ የድንጋይ ክምር አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሩቅ አገር ሲሄድ አንድ ድንጋይ ያኖርበታል፣ ሲመለስ በገዛ እጁ ያነሣዋል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ታዲያ ሰው ሲመለስ የራሱን እንዲለይ ቆንጆ ቆንጆውን ነው የሚመርጠው፣ ከሰሃላ እስከ ኒሯቅ ብትዞር የዚያን ክምር ዓይነት አጌት አታገኝም። እኔ የአምደወርቅ ሰው ነኝ፣ ልማዱን ከጋብቻ በኋላ ነው የሰማሁት፣ «ይሄ ሁሉ ሰው እንደሁ አልተመለሰም፣ ድንጋዩ ምን ያደርግለታል?» አልኩና ከረጢቴን ሞላሁ።

ክረምት ነበር፣ ጉሙ እስከ ሱቁ ደጃፍ ወርዶ መንገዱ አይታይም። ድንጋዮቹን ለሁለቱ ማሽኖች አካፈልኳቸው፣ ጋሽ ሰኢድ ጄኔሬተሩን አስነሡ፣ በርሜሉ ይንኳኳል፣ ነዛሪው ትርርር ይላል። ቀትር ላይ ጄኔሬተሩን አጥፍተው «ሰግጄ ልምጣ» ብለው ወጡ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በርሜሉ ቆመ። ነዛሪው አልቆመም። መጀመሪያ ድምፁ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ እመነኝ፣ ገመዱን በእጄ ይዤዋለሁ፣ እሱ ግን ትርርር ማለቱን አልተወም።

ቀስ እያለ ድምፁ ለዘበ። ሰርግ ቤት ጓዳ ውስጥ ሴቶች ሲያወሩ ከውጭ እንደሚሰማው ሆነ፣ ገሚሱ አማርኛ፣ ገሚሱ የአገራችን ቋንቋ ኽምጣንጋ፣ አንዲቱ ትስቃለች፣ አንዱ ወንድ በሬውን ለወንድሙ አደራ ይላል፣ ሁሉም እየተሰናበቱ ነው። የሚገርምህ አልፈራሁም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ደስ የሚል ነገር ሰውነቴን ያዘው፣ ጉሙ ሱቁ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ወዲያው ከሁሉም መሃል አንዲቱ አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብላ «እማዬ፣ አታልቅሺ፣ ቶሎ እመጣለሁ» አለች። ዝናሽ ናት። የሚስቴን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?

ጋሽ ሰኢድ ጉሙን ጥሰው ገቡ።

«ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ይሄ በምን ይሠራል?» አሉ።

«እኔም አልገባኝም ጋሽ ሰኢድ፣ እስቲ እርስዎ ያዳምጡት» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ፊታቸው ተለወጠ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «ዘይነቤ» አሉ። ዘይነብ ጅዳ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ዓመታት ያለፏት ልጃቸው ናት። ድንጋዮቹን ከየት እንዳመጣኋቸው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፣ ይቆጡኛል ስል እጄን ያዙኝ።

«ይሄን አልሸጥልህም ልጄ። በርሜሉን በነፃ ውሰድ፣ ድንጋዮቹን ግን ከነሳህኑ ተውልኝ።»

«በበርሜሉ አልደርስም፣ ዝናሽ ትሄድብኛለች!»

«የኔዋ ሄዳለች» አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም።

በርሜሉን ተሸክሜ ቤት ስደርስ ዝናሽ ሽሮ እያማሰለች ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳትና «ክምሩ ላይ ድንጋይ አኑረሻል?» አልኳት። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ሄዳ ሳጥኑን ከፈተች፣ በሻሽ የተጠቀለለ ቀይ መስመር ያለው አጌት አወጣች።

«መርጬው ነበር፣ ግን ገና አላኖርኩትም። ለእናቴም እሄዳለሁ አላልኳትም። ሞላ፣ ያልተናገርኩትን ከየት ሰማኸው?»

ያን ሌሊት እጄን ይዛ አደረች። ሲነጋ ለደላላው ቀርቻለሁ ብላ ላከችበት፣ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። በርሜሉ ቢያዘገይም አኖረን፣ ክብ ክቡን ድንጋይ ላሊበላዎች ወደዱት። ጋሽ ሰኢድ ግን ቀትር በደረሰ ቁጥር ሱቃቸውን ዘግተው ካልተሰካው ማሽን አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ምን እንደሚሰሙ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በኋላ እኛም ሞባይል ገዛን። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናሽ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንጋይ ታጥባለች፣ ስልኩ ጠራ፣ ረጅም የውጭ አገር ቁጥር ነው። አነሣሁት።

«ሞላዬ፣ ደርሻለሁ፣ አትስጉ» አለች ዝናሽ በስልኩ። «ሙቀቱ አይጣል ነው። እማዬ ደህና ናት?»

ደጃፉ ላይ ያለችው ዝናሽ ሳትዞር «ማነው?» አለችኝ።

«ተሳስተው ነው» አልኳት፣ ስልኩን ግን መዝጋት አቃተኝ።

በስልኩ ውስጥ ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሞላ፣ አጠገብህ የምታወራው ማናት?» አለችኝ።