ማይኩ ክፍት ነበር

ኑሀሚን የባርኸድን ሳቅ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ከፈተችው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«ወላሂ ዋ ዶቆን!» ይላል ባርኸድ ከስልኩ ውስጥ፤ ከዚያ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ ደግሞ ይጋባል። በአፍንጫው ይጀምርና ትንፋሽ እስኪያጥረው ይንፈቀፈቃል። እሷም ፍራሹ ላይ ተጋድማ አብራው ትስቃለች። የሚለው ነገር በደንብ ገብቷት ግን አይደለም። አባቷ ጉምሩክ ተመድቦ ከናዝሬት ወደ ድሬ ዳዋ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሶማሊኛዋም «እሺ» ለማለት ከ«ሀዬ»፣ ሰው ለመጥራት ከ«ወሪያ» ብዙ አላለፈም። «ዶቆን» ሞኝ ማለት እንደሆነ ብቻ ከትምህርት ቤት ግቢ ለቅማለች። ባርኸድ በሚስቅበት ቅጽበት ደግሞ በጌሙ ውስጥ ያለው በረኛ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ያሾልካታል። ታዲያ ሞኙ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ኑሀሚን «ዶቆን!» ብላ በትልልቅ ቢጫ ፊደላት ጻፈችና በበረኛው ጭንቅላት ላይ እንዲነጥር አደረገችው። ቃሉ ሲወጣና ሲወርድ አይታ ለብቻዋ ተንከተከተች።

ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ አዘግቶ ባለሱቁን አስተኝቶታል። የኑሀሚን እናት ወይዘሮ ዘነበች እንኳ «ጌም ጌም ስትይ ፈተናው እንዳይበላሽብሽ» ብላ ከተቆጣች በኋላ ሳሎን ቬንቲሌተሩ ሥር ጋደም ብላለች። ኑሀሚን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቪዲዮው ለነገ መድረስ አለበት።

የቪዲዮው ርዕስ «የጌም ቪዲዮ አሠራር ለጀማሪዎች» ነው። ስልክ ብቻ ያለው ተማሪ የተጫወተውን ጌም እንዴት እንደሚቀዳ፣ አሰልቺውን እየቆረጠ እንዴት እንደሚጥል፣ ድምፅና ጽሑፍ እንዴት እንደሚጨምር ያሳያል። ነገ አርብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ የየክፍሉ ሥራ ሲቀርብ ይታያል። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ቲቸር ኒቆዲሞስ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ ለክረምቱ የቪዲዮ ሥልጠና ትምህርት ቤቱ ያገኘው ቦታ አንድ ነው፣ የሚሄደውም ምርጡን ሥራ ኤዲት ያደረገ ልጅ ነው። ኑሀሚን ያንን ቦታ ከምንም ነገር አብልጣ ፈልጋዋለች። በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ኤዲት ማድረግ! እስከዛሬ የሠራችው ሁሉ በዚህ በባርኸድ ስልክ ነው፤ የራሷ ስልክ የላትም። ባርኸድ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይተውላታል፣ ሲመሽ መጥቶ ይወስዳል።

ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። ባርኸድ ይጫወታል፣ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። በመጨረሻ ላይ «ኤዲተሯ ኑሀሚን ናት» ብሎ ስሟን የሚጠራው እሱ ነው። ይህንን ያለው ራሱ ነው፣ ሳትጠይቀው። «እኔ ጌሙ ይበቃኛል አቦ፣ ሥልጠናው ያንቺ ነው» ብሏት ነበር።

የባርኸድን ሳቅ ያገኘችው ሦስተኛውን ምክር ስትሠራ ነው። ምክሩ «ስክሪን ስትቀዱ ማይካችሁን ዝጉ፣ አለዚያ አጠገባችሁ የሚወራው ሁሉ ይገባል» ይላል። ምሳሌ ስትፈልግ ባርኸድ በጓደኛው በሀናድ ጌም ቤት ተቀምጦ በስልኩ የቀዳው ጨዋታ ተገኘ፤ ማይኩን ሳይዘጋ ቀርቶ ከሀናድ ጋር ያወራው እንዳለ ገብቷል። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? የቀራት ነገር ቢኖር ሶማሊኛውን አስተርጉማ ከስር መጻፍ ነበር።

ለዚህም ጎረቤቷንና የክፍሏን ልጅ ፋዱማን ጠርታለች። ፋዱማ ሻሿን እያራገበች ገባችና ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች።

«በዚህ ሐሩር ሰው ይጠራል? ነይ እስቲ፣ አሳዪኝ።»

«እያንዳንዷን ቃል ነው የምትነግሪኝ፣ እሺ? አዳራሹ በሳቅ እንዲፈርስ ነው የምፈልገው።»

ፋዱማ ኢርፎኑን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ኢርፎኑን አውጥታ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ሌላ ምሳሌ ፈልጊ።»

«ለምን? ስድብ አለው እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ በረኛውን አይደል የሚሰድበው! እሱማ ያስቃል።»

ፋዱማ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዝ ጀመር። «ኑሀ፣ በረኛውን አይደለም።»

ኑሀሚን ቀና ብላ ተቀመጠች። ፋዱማ መናገር እንደማትፈልግ ታስታውቃለች፤ ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል።

«መጀመሪያ የሚያወራው ሀናድ ነው። ‹ቪዲዮውን ማነው የሚሠራልህ?› አለው። ባርኸድ ‹ያቺ የጉምሩኩ ልጅ ናት፣ ስትቆርጥ ስትቀጥል ነው የምትውለው› አለ። ሀናድ ‹ታዲያ ቦታውን ለሷ ልትለቅላት ነው?› ሲለው ‹ለአስተማሪው ሁሉንም እኔ ነኝ የሠራሁት ካልኩት ቆየሁ። እሷ ስሜን ይጠራልኛል ብላ ቁጭ ብላለች› አለው። ከዚያ ነው ያንን ቃል የተናገረው።»

«የቱን?»

ፋዱማ ስልኩን አንሥታ ቢጫውን ጽሑፍ በጣቷ ነካ አደረገችው።

የኑሀሚን ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ያ ቃል ለእሷ የተባለ ነበር፤ እሷ ግን የገዛ ስድቧን መርጣ፣ ቀለም ቀብታ፣ አስጨፍራ አስቀምጣዋለች። ከሰዳቢዋ ጋር አብራ ስቃለች፤ እየደጋገመች፣ ሆዷን እስኪያማት። ከሁሉ ያንገበገባት ይኼ ነው። ደግሞ ነገ ያለምንም ትርጉም ቢታይ እንኳ የአዳራሹ ግማሽ ሶማሊኛ ይሰማል። ሁሉም ዞሮ እያያት ሲስቅ እሷም መሀላቸው ተቀምጣ፣ በበረኛው የሚስቁ መስሏት አብራ ትስቅ ነበር! ወይ ኑሀሚን!

ሌላው ነገር ኋላ ነው የመጣላት። ባርኸድ በቪዲዮው ውስጥ «እኔ ስቆርጥ እንዲህ ነው የማደርገው፣ እኔ ጽሑፍ ስጨምር ይህንን ነው የምመርጠው» እያለ ይናገራል። ያንን «እኔ» የጻፈችለት ራሷ ናት። ለአነጋገር ይመቸዋል ብላ ነበር። ውሸቱን በእጇ አዘጋጅታ ነው አፉ ውስጥ የጨመረችለት።

«ስጪኝ ስልኩን!» ፋዱማ ከሷ ብሳ ተቆጣች። «በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፍበታለሁ። ጉዱን አገር ይስማው!»

«ተይ።»

«ምን ተይ ትያለሽ? ፎገረሽ እኮ!»

«ተይ አልኩሽ። እቆርጠዋለሁ።»

ኑሀሚን የምሯን ነበር። ባርኸድ ማለት በዚህ ከተማ መጀመሪያ ያናገራት ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ስትቀመጥ «ወሪያ፣ የናዝሬቷ!» ብሎ ከጎኗ የተቀመጠ እሱ፤ ዋጋ ሲጨምሩባት የባጃጅ ሹፌሮቹን «ይቺ የኛ ሰፈር ልጅ ናት» ብሎ የተከራከረላት እሱ። እንዲህ ያለ ጓደኛ በአንድ ቀን እንዴት ይጣላል? ቢጫውን ቃል አጠፋችው። ክሊፑንም ለመሰረዝ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል የእናቷ ድምፅ ከሳሎን መጣ።

«ኑሀሚን! ባርኸድ በር ላይ ቆሟል፤ ስልኩን ይፈልጋል መሰለኝ!»

ዛሬ ሳይመሽ ነው የመጣው። ኑሀሚን ስልኩን እንደያዘች ወጣች። ባርኸድ የግቢውን በር ተደግፎ ማስቲካ ያኝካል።

«አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው። ግባና እስከ መጨረሻው እየው።»

«ምኑን አያለሁ አቦ፣ አንቺ ሠርተሽው! እጅሽ እኮ ወርቅ ነው። ሀናድ ይጠብቀኛል፣ ስጪኝ።»

«ያንተ ድምፅ የገባበት አንድ ቦታ አለ። ብታየው ይሻላል።»

«አምንሻለሁ አልኩሽ! ድምፄ ቢያምርም ባያምርም ያው ነው።»

ኑሀሚን ስልኩን አልሰጠችውም። «ነገ ቲቸር ኒቆዲሞስ ማን ነው ኤዲት ያደረገው ሲልህ፣ ምን ትለዋለህ?»

የባርኸድ ዓይን በመንገዱ ላይ የምታልፍ ባጃጅ ተከትሎ ሄደ። ባጃጇ እስክትታጠፍ አያትና ተመለሰ።

«ኑሀሚን ናት ነዋ የምለው! ወላሂ! ሌላ የማንን ስም ልጠራ ነው?» ፈገግ አለ። የመጀመሪያው ቀን፣ ክፍል ውስጥ ያሳያት ያው ፈገግታ ነው። «ግን ሥልጠናው አዲስ አበባ ነው አሉ። አባትሽ ብቻሽን ይለቁሻል? እኔ ላንቺው ብዬ ነው። ካልለቀቁሽ ቦታው ሜዳ ላይ እንዳይቀር።»

ኑሀሚን ጠበቀችው። አንድ ነገር ቢናገር እዚያው በሩ ላይ ይቅር ትለው ነበር። «አጥፍቻለሁ» ቢላት፣ ግማሹን እንኳ ቢናዘዝላት፣ ክሊፑን አጥፍታ ለማንም ሳትናገር ትኖር ነበር። እሱ ግን ማስቲካውን አፈንድቶ እጁን ለስልኩ ዘረጋ።

«ሀዬ» አለችው። «አንዴ ቆየኝ፣ ሴቭ አድርጌው ልምጣ።»

ገባች። ፋዱማ በመስኮቱ ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ ፈጧል። ኑሀሚን ሦስተኛውን ምክር አንዴ ከፈተችው። ትርጉም የለውም፣ ቢጫ ቃል የለውም፤ ባርኸድ ለሀናድ ያወራውና ሳቁ ብቻ ናቸው። ክሊፑን አልነካችውም። ቪዲዮውን ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ አደረገችውና እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ወጥታ ስልኩን ሰጠችው። ባርኸድ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የኔ ጎበዝ! ነገ እንገናኝ» ብሏት ወደ ጌም ቤቱ አቅጣጫ ሮጠ።

ስትመለስ ፋዱማ ቆማ ነበር የምትጠብቃት።

«ቆረጥሽው?»

«አልቆረጥኩትም።»

«ቤቱ ገብቶ ቢያየውስ?»

«ካየው ይቁረጠው» አለች ኑሀሚን። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። «መቁረጥ ከቻለ።»

ፋዱማ ልትስቅ ከጀላትና ተወችው። የኑሀሚን ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ሲፈስ አልጠረገችውም፣ አልደበቀችውምም። ፋዱማ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት።

«አንቺንም እኮ ይስቁብሻል ኑሀ። ቃሉ ላንቺ ነው የተባለው። እስከ ክረምት ድረስ በሱ ነው የሚጠሩሽ፤ የኛን ልጆች ታውቂያቸው የለ?»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ቅሪ በቃ። አሞኛል በይ።»

ኑሀሚን እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሳሎን ውስጥ ቬንቲሌተሩ ይንቋቋል፤ ውጪ አንዱ ባለሱቅ ከእንቅልፉ ነቅቶ የቆርቆሮ በሩን እያንጓጓ ይከፍታል።

«ፋዱማ፣ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› በሶማሊኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

ፋዱማ ገልመጥ አድርጋ አየቻት። «አኒጋ ሰሜየይ።»

«አኒጋ… ሰማየይ።»

«ሰማይ አይደለም። ሰሜየይ።»

«አኒጋ ሰሜየይ።»

«እንደሱ። ግን እንዲህ በሹክሹክታ ማን ይሰማሻል? አዳራሹ ሰፊ ነው።»

ኑሀሚን ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከፍራሹ ተነሥታ ቆመችና፣ ጮክ ብላ እንደገና አለችው።