ከገጹ ግርጌ ያለችው መስመር

ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ አልከፈትም ሲላት ሚጢጢ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ደወሉ ሲደወል መምህራን ይመጣሉ፤ እሷና ጓደኛዋ ቀጮ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሠሩትን የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ አይተው ነጥብ ሊሰጡ። ቀጮ ግን የለችም። እናቷ ሥራ ቀይረው ሌላ ከተማ ከገቡ ሦስት ወር ሆናቸው። ወንበሯ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ሚጢጢ ዛሬም ቦርሳዋን አኑራበታለች። የላከችላት መልእክት ሁሉ ተነቧል፤ መልስ ግን ወፍ የለም።

የኮምፒውተር መምህሩ፣ ቲቸር፣ አጎንብሰው ስህተቱን አዩት። የለቀቁ ተማሪዎችን ፎልደር ትናንት ማጥፋታቸውንም ነገሯት። ያኔ ገባት። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት ትንሽ ፋይል ያነባል፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝር የት እንዳለ፣ ከገጹ ግርጌ ምን እንደሚጻፍ የምትነግረው እሷ ናት። ፋይሏን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ማሸግ የቀጮ ድርሻ ነበር። «ጨርሻለሁ ባክሽ፣ አትጨናነቂ» ብላት ነበር። ለካ አልነካችውም፤ ፋይሏ እዚያው ቀጮ ፎልደር ውስጥ ቀርታ ነበር። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ፕሮግራሙ የቀጮን ፎልደር ሲያንኳኳ ኖሯል፤ ባለቤቱ ለቆ የሄደውን ቤት በየማለዳው እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ዋሽታኛለች፣ አለች ሚጢጢ በልቧ። ወዲያው ደግሞ ናፈቀቻት።

ቲቸር ፋይሏን እንደገና ጽፋ ከኮዱ ጋር ውስጥ እንድታስገባት፣ ፕሮግራሙ በሄደበት ሁሉ አብራው እንድትሄድ አስረዷት። ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ከግርጌው ያንቺን ስም ብቻ ብትጽፊ የሚወቅስሽ የለም። ለለቀቀ ተማሪ ነጥብ አይሰጥም። ሁለት ስም ካለ ግን ያንቺንም ለሁለት ሊያካፍሉት ይችላሉ።»

ሚጢጢ መስመሮቹን አንድ በአንድ ከትዝታዋ እየመዘዘች ጻፈች። መጨረሻ ላይ «አዘጋጆች» የምትለዋ መስመር ቀረች። ያን ጊዜ ማን ይቅደም ብለው ተጨቃጭቀው፣ ላጲስ ወርውረው ዕጣው ለቀጮ ወጥቶ ነበር። ቀጮ ጉልበቷን ይዛ ስትስቅ፣ «አይክፋሽ፣ እዚህ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ሁለታችንም ድንክ ነን» ያለቻት እንደ ዛሬ ይሰማታል።

«ሚጢጢ» ብላ ጻፈች። አየችው። ብቻውን ሲሆን የሌላ ሰው ስም መሰላት።

ደወሉ ተደወለ። አጥፍታ «ቀጮ እና ሚጢጢ» ስትል ጻፈች፤ ፋይሏን ውስጥ አስገብታ አሸገችና ፕሮግራሙን አስነሳችው። ገጹ ተከፈተ።

ከመምህራኑ አንዷ ገብተው በዓይናቸው መቀመጫ ፈለጉ።

«እዚህ ሰው አለ?»

ሚጢጢ ወንበሩን አንድ አፍታ አየችው። ቦርሳዋን አንስታ እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«የለም፤ ይቀመጡ» አለች።